ያልተጠራው መሪጌታ

አባቶቻችን በአንድ ዘለላ የፈረስ ጭራና በአንድ ቁራጭ ቆዳ ሲያከናውኑት የኖሩትን ጨዋታ፣ በላፕቶፕ፣ በሚክሰርና እንደ ሐረግ በተጠላለፈ ኬብል ካላከናወንሁ ብሎ የሚነሣ ሰው፣ መከራውን ሁሉ በገዛ እጁ የጠራው ስለ ሆነ ሊታዘንለት አይገባም። ይህንንም የምመሰክረው ከራሴ በደል ተነሥቼ ነው።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የዓድዋ ዘማች ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ውለታ ሲዘክር፣ በጌጥ የተሸለመው ፈረስ ሁሉ ሜዳውን ሲያናውጠው አይቼ፣ በዚያው ሰሞን ለዘመድ ሠርግ ወደ ዳንግላ ተሻገርሁ። ፈረስ ሶኬት የማይሻ፣ ቢያሽካካም ምክንያቱ የሚታወቅ ፍጡር መሆኑን ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም። መሰንቆ ከሚመቱ አንድ አዛውንት ጋር ተጣምሬ፣ ከበሮውንና አጃቢውን በላፕቶፕ እንዳሰማ ተሾሜ ነበርና፣ ሹመት ደግሞ የሰውን ዓይን ይጋርዳል።

ዳሱ ሞልቶ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲቃረቡ፣ ላፕቶፑን ከሚክሰሩ ጋር ባያያዝሁት ጊዜ፣ በመቋሚያው ላይ ተደግፎ ሌሊቱን የሚያንጎራጉር ደብተራ ያለ ይመስል፣ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ወጣ። አንዲት እናት «ንቡ ከየት ገባ?» ብለው ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። አዛውንቱ ግን ጆሮአቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ የመሰንቆአቸውን መቃኛ ጠምዘዝ አደረጉ፤ ይህን ያደረጉበት ምሥጢር ያን ጊዜ አልተገለጸልኝም።

የሀገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሲሆን፣ ይህ ምልልስ ወደ ድምፅ በተለወጠ ጊዜ የአውሮፓ ሙዚቀኞች ሶል ከሚሉት ወፍራም ቃና በጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከደረሰ በኋላ አራተኛውን ዜማ ለኤሌክትሪክ የተወለት ያስመስላል። የእኔ ላፕቶፕ ባለ ሦስት እግር ቻርጀሩን በቤቱ ግድግዳ ሰክቶ፣ ሚክሰሩ ደግሞ በረዥም ገመድ ከጎረቤት ማድ ቤት መብራት ተበድሮ፣ ሁለቱም በየፊናቸው መሬት ሲረግጡ፣ የድምፁ ኬብል በመካከላቸው ድልድይ ሆነ። በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለው ጥቂት ልዩነትም በኬብሉ የውጭ ሽቦ ላይ ሲዞር፣ ሚክሰሩ መዝሙር መስሎት አጉልቶ አሰማው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ችግር ባለበት ሁሉ ሊቅ አይጠፋምና፣ አንድ ጎልማሳ ፒንሳ ይዞ መጥቶ የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር ልቍረጠው አለ። ድምፁ በእርግጥ ይቆም ይሆናል። ነገር ግን ያ እግር፣ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አካል ባፈተለከ ጊዜ በሰው ላይ ሳይሆን በሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ የተሠራ ጠባቂ ነው። በ1964 ዓ.ም. በዌልስ ሀገር፣ በስዋንሲ ከተማ፣ ሌስ ሃርቪ የተባለ ጊታር መቺ ከመሬት ጋር በወጉ ያልተያያዘ ማይክሮፎን ነክቶ በመድረክ ላይ ሞቷልና፣ የጆሮን ዕረፍት በነፍስ ዕረፍት አንገዛም ብዬ ፒንሳውን መለስሁት።

ለዚህ ደዌ የታወቀው መድኃኒት ዲአይ ቦክስ የሚባለው፣ ትራንስፎርመር ያለበት ትንሽ ሣጥን ነው። በውስጡ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የካህኑ ድምፅ በመንጦላዕት አልፎ ለምእመናን እንደሚሰማ፣ ምእመናን ግን ወደ መቅደሱ እንደማይዘልቁ ሁሉ፣ ዜማው ሲሻገር የመሬቱ ጅረት በደጅ ይቀራል። ይህን ሣጥን በሠርግ ዋዜማ ያላሰበ ሰው በሠርግ ዕለት አያገኘውምና፣ እኔ በድኻ መድኃኒት ጀመርሁ። ላፕቶፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት ባጠጣኋቸው ጊዜ ጕርምርምታው ቀነሰ፤ ከቻርጀሩ የሚመጣው ቀጭን ጢዝታ ግን እንደ ክፉ ጎረቤት አልላቀቅ አለ። በመጨረሻ ቻርጀሩን ነቅዬ ላፕቶፑን ለባትሪው አደራ ሰጠሁት፤ ዳሱም ጸጥ አለ።

የድል አድራጊ ፊት ይዤ ወደ አዛውንቱ ዘወር ብል፣ መሰንቆአቸውን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው በቅሬታ ይመለከቱኛል።

«ምነው አባቴ፣ አልተስማማዎትም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ያ ቃና ሲሰጠኝ የቆየው መሪጌታ ወዴት ሄደ? እኔ የቃኘሁት በእርሱ ነበር እኮ!»

ባትሪውን አየሁት፤ 19 በመቶ ቀርቶታል። እኔም የሽማግሌ ቃል አይታለፍም ብዬ፣ በታላቅ አክብሮት ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁት።