ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ቤታችን ስለሚገባው ውሃ

ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ከብቸናና ከሞጣ ነው። መንገዱ ከጠፋችሁ፣ አባይን ተሻግራችሁ ደጀን ስትደርሱ የደብረ ማርቆሱን አስፋልት በግራ ተዉትና ወደ ቀኝ ታጠፉ። ጮቄ በግራችሁ፣ የአባይ በረሃ በቀኛችሁ ይሁን። መጀመሪያ ብቸና፣ ቀጥሎ ደብረ ወርቅ፣ ስትገፉ ሞጣ። በክረምት ከመጣችሁ ግን አድራሻ መጠየቅ አያሻችሁም፤ ውሃውን ተከተሉት፣ ከአንዳችን ቤት ያደርሳችኋል።

የመጣነው ለአቤቱታ አይደለም። አቤቱታ ጽፈን ጽፈን እጃችን ዝሏል። ዛሬ ምስጋና ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነዋሪያቸው 10,000ና ከዚያ በላይ የሆነ ከተሞችን ይመለከታል ስላለ እኛንም ተመልክቶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ከዚያ ወዲህ የሕንፃ ሹም የሚባል ባለሥልጣን አለን። ቤቶቻችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ተመድበዋል። የእኛ ባለ ቆርቆሮ ጎጆ ምድብ “ሀ” ናት፤ ፎቅ የላትም፣ ሰፊ አዳራሽ የላትም፣ ስለዚህ መሐንዲስም ብዙ አይጨነቅባትም። ፊደል ቆጥረን “ሀ” ላይ መገኘታችን ደስ ብሎናል። ምድብ ያልወጣለት ውሃው ብቻ ነው።

አንድ የግንባታ ፈቃድ ፎርም እጃችን ገብቶ አገላብጠነዋል። የየት ከተማ እንደሆነ አንናገርም፤ ሰው እናስቀይማለን። ቤቱ ከአጥር ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይጠይቃል። መስኮቱ ወደ ጎረቤት ይዞር እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሚቆፈር፣ ጣሪያው ምን እንደሚለብስ ይጠይቃል። ሁሉም ደግ ጥያቄ ነው። ወለሉ ከመንገዱ በስንት ይበልጣል የሚል መስመር ግን የለውም። አምና ውሃው እስከየት ደረሰ የሚልማ ጨርሶ የለም። ጎረቤት ቢጠየቅ እኮ በእጁ ግድግዳውን ነክቶ ያሳያል፤ የጭቃው መስመር ኖራ ተቀብቶበትም አልጠፋ ብሏል።

እንግዲህ ጥፋቱ የሹሙ አይደለም ብለን መጻሕፍታችሁን ፈለግን። በ1987 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ አሥራ አንድ ቅጽ ነው። ኮንክሪት የራሱ ቅጽ አለው፣ ብረት የራሱ፣ እንጨት የራሱ፣ ግንብ የራሱ። ሰባተኛው ስለ መሠረት ነው። ስምንተኛው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው። ዘጠኝ የቧንቧ፣ አሥር የኤሌክትሪክ፣ አሥራ አንድ የአየር ማናፈሻ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ የአውሮፓን ኮድ ለአገራችን አስማምታችሁ አሳደሳችሁት። ድካማችሁን አናቃልልም። ስምንተኛው ቅጽ በተለይ ስምጥ ሸለቆ ላሉ ወንድሞቻችን ነፍስ ነው። እኛ ጋ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ በየሐምሌው አይመጣም። በየሐምሌው የሚመጣው በአሥራ አንዱም ቅጽ ርዕስ አላገኘም።

ርዕስ ያላገኘ ሌላም አለ፤ ቤታችን ራሱ። ባሕር ዛፍ አቁመን፣ ማገር መትተን፣ ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክተን የመረግነው ቤት ኮንክሪት አይደለም፣ ብረት አይደለም፣ ግንብም አይደለም። እንጨት ነው እንዳንል አብዛኛው አካሉ ጭቃ ነው። ኮዳችሁ ውስጥ ገብተን ራሳችንን ብንፈልግ አጣነው። የሌለ ቤት ውስጥ የሌለ ጎርፍ ቢገባ፣ በመዝገብ ደረጃ ምንም አልሆነም ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጥበቃ ያገኘ ሕዝብ ጥቂት ነው።

ጎርፍ ስንል ደግሞ ሁለታችንም ጋ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሙጋንና ሱሃን ጮቄ ወልዶ ቁልቁል ወደ አባይ ይሰዳቸዋል፤ እነርሱ በገደላቸው ይሄዳሉ፣ ከተማ ገብተው አያስቸግሩም። የብቸና ችግር የሚሮጥ ውሃ ሳይሆን የሚቀመጥ ውሃ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ጤፉ የሚያምርልን በእርሱ ነው፤ ቤቱ የሚሰነጠቅብንም በእርሱ ነው። በበጋ ይደርቅና እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያበጠው ዋልካ ከላዩ ያለውን ቀላል ቤት ቀስ አድርጎ ያነሣል። ፎቁን አይደፍርም፣ ይከብደዋል። የሚያነሣው ምድብ “ሀ”ን ነው። ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም፤ የዘነበው ሁሉ በላዩ ላይ ተኝቶ መሄጃ ይጠብቃል። የሞጣ ደግሞ የሚሮጥ ነው። ከተዳፋቱ ይወርዳል፣ ቦይ ካላገኘ ራሱ ይቆፍራል፣ ቦረቦሩም ከዓመት ዓመት ወደ አጥር ይጠጋል። አንዱ ከታች ይገባል፣ ሌላው ከጎን ይበላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፎርም ነው የምንሞላው።

ስለ አንዲት እናት ቤት እንንገራችሁ። ቤታቸው ሲሠራ ግንበኛው ብልህ ነበርና በድንጋይ ከፍ አድርጎ መሠረት አወጣለት፤ ከመንገድ ወደ ደጃቸው ሁለት ደረጃ ይወጣ ነበር። ከዚያ መንገዱ ገረጋንቲ ለበሰ። ከዓመታት በኋላ በገረጋንቲው ላይ ሌላ ሙሌት ተደፋበት። ልማት ነውና ማንም ቅር አላለውም፤ እርሳቸውም ለሠራተኞቹ ቡና አፍልተዋል። ዛሬ ወደ እማማ ቤት በደረጃ ይወረዳል። ቤቱ አልሰመጠም፣ መንገዱ ነው ያደገው። የመንገዱ ሥራ ሲመረመር ውፍረቱ ተለካ፣ ስፋቱ ተለካ፣ ጥቅጥቁ ተለካ፤ የደጃፍ ከፍታ የሚለካ አልነበረም። አሁን ሰኔ ሲገባ ደፋቸው ላይ አፈር የሞላ ጆንያ ይደረድራሉ፣ እህላቸውን ቆጥ ላይ ይሰቅላሉ፣ በሌሊት ዝናብ ሲጥል እግራቸውን ከአልጋ አውርደው ወለሉን ይዳስሳሉ። “መንገድ መጣልን ብዬ ስደሰት፣ ለካ መንገዱ የመጣው ከነእንግዳው ነው” ይላሉ።

የመንገዱ ሰዎች ግን እናንተን ይበልጧችኋል፤ ይህን ስንል ቅር አይበላችሁ። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የውሃ ማፋሰሻ ንድፍ ማንዋል አለው። በዚያ ማንዋል እያንዳንዱ ቱቦና ድልድይ የስንት ዓመት ጎርፍ እንደሚችል ይታወቃል፤ እንደ መንገዱ ደረጃ ለ10፣ ለ25፣ ለ50 ዓመት፣ ትልቅ ድልድይ ከሆነ እስከ 100። የእኛ አገር ቱቦ እንኳን ስንት ዓመት እንደሚችል ያውቃል። ቤታችን አያውቅም።

የ10 ዓመት ቱቦ ማለት በየዓመቱ ከአሥር አንድ ዕድል ያለውን ጎርፍ የሚችል፣ ከዚያ የበለጠውን የማይችል ማለት ነው። ሂሳቡን አሥረኛ ክፍል ለሚማር ልጃችን ሰጠነው። አንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ቢኖር፣ ያ ቱቦ በሠላሳው ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመሙላቱ ዕድል ከመቶ 96 ነው አለን። የሞላው ውሃ የት ይሄዳል ብለን ጠየቅነው፤ እርሱ በሒሳቡ ውስጥ የለም አለ። እርግጥ ቱቦው እስኪሞላ የሚጠብቅም የለም። ዲቹ ከመስከረም እስከ ሰኔ በጭድ፣ በፌስታልና በሃይላንድ ፕላስቲክ ተጠቅጥቆ ስለሚቆይ፣ የ10 ዓመቱ ቱቦ ለአሥር ደቂቃም አይበቃም። ይህኛው ጥፋት የእኛ ነው፣ እንቀበላለን።

አሜሪካኖች በጎርፍ ቀጠና ቤት ሲሠሩ በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ተብሎ የተሰላው ውሃ የሚደርስበትን ከፍታ ይፈልጉና ወለሉን ከዚያ በላይ ያደርጋሉ። ባንግላዴሾች ገንዘቡ ባይኖራቸው አፈር ቆልለው ቤቱን በቁልሉ ላይ ያቆማሉ። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃው የደረሰበትን ጠየቁ።

የባሕር ማዶ ምሳሌ ካስቀየማችሁ ሞጣ ቅርብ ያለውን ሰባራ ድልድይ እንጥቀስ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ ጎጃምንና ጎንደርን በአባይ ላይ አገናኝቶ ለዘመናት ኖሯል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ክፍቱን በገመድ እየተሳሳበ ይሻገር ነበር። ያንን የገመድ ጉተታ በመጽሔት ፎቶ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ “ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ” የተባለ ድርጅት መሥርቶ በ1994 ዓ.ም. የተሰበረውን በብረት ቀጠለው። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ ገበያተኛው ተሻገረ። በ1997 አባይ ሞልቶ መጣና ብረቱን ይዞት ሄደ። የአፄውን ድንጋይ ትቶ የዘመኑን ብረት ለይቶ ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? “ድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ” ብለው መግለጫ ሰጥተው በዚያው ልክ፣ በዚያው ከፍታ አልመለሱትም። በ2001 ዓ.ም. ተመልሰው መጡና ከዳር እስከ ዳር በኬብል ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠሩ። አባይ እስከየት እንደሚደርስ አንዴ አሳይቷቸዋል፤ ሁለተኛ እንዲያሳያቸው አልለመኑትም። ክቡራን፣ የጎርፍ ስታንዳርድ የሚባለው ይኸው ነው፤ ከሞጣ በእግር የሚደረስበት ነው።

ከዚያ ድልድይ በፊትም እውቀቱ አልጠፋም ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱን እዩ። ደብረ ወርቅ ማርያም ከኮረብታዋ ናት፤ የቀደሙት ሰዎች ለአምላክ ቤት ሲመርጡ ረባዳ አልመረጡም። ገበሬውን እዩ። ዋልካው ላይ ጤፍ ሲዘራ በበሬ ፈሰስ ያወጣል፣ ውሃው ማሳው ላይ እንዳይተኛ በየት ወርዶ የት እንደሚገባ ያውቃል፤ ፈሰሱን ወደ ጎረቤት ማሳ ቢለቅ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። እዚያው ማሳ ላይ ከተማ ሲስፋፋ ግን ፈሰሱ ይደፈናል፣ ሽማግሌው ይረሳል፣ ቦታው በካሬ ሜትር ተሸንሽኖ ካርታ ይወጣለታል። ለጤፍ የታሰበለትን ያህል ለሰው ሳይታሰብለት ሲቀር፣ እኛ ጤፍ ብንሆን ይሻለን ነበር እንላለን።

አሁን የምንለምናችሁን እንናገር። አሥራ ሁለተኛ ቅጽ አይደለም። ቅጽ ሲበዛ እኛ ጋ የሚደርሰው በደላላ ነው፤ ይህንንም ፈርተን ነው የምንጽፈው። ነገ “በጎርፍ ቀጠና ግሬድ ቢም ያላሠረ አይሠራም” የሚል ቢወጣ፣ ባለ ሲሚንቶው ይሠራል፣ እማማ ደግሞ ሕገ ወጥ ይባላሉ። ውሃው ያላፈረሰውን ግሬደር ያፈርሰዋል። ስለዚህ ለጭቃ ቤት የሚሆን የጭቃ ቤት መስፈርት ስጡን። ዋልካው ምን ያህል ተዝቆ በገረጋንቲ እንደሚተካ ይጻፍ። የግድግዳው እግር እስከየት በድንጋይ እንደሚነሣና ጭቃው ከየት እንደሚጀምር ይጻፍ፤ ግንበኞቻችን ያውቁታል፣ ጠይቋቸው። በፎርሙ ላይ “የወለሉ ከፍታ ከታየው የውሃ ምልክት በላይ ____ ሳንቲ ሜትር” የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ቁጥሩን እናንተ ሙሉት፣ ምልክቱን እኛ እናሳያችኋለን። መንገድ ከፍ ሲደረግም የደጃፎቹ ልክ አብሮ ይለካ፤ ተቋራጩ ውሃውን ከአስፋልቱ ላይ አውርዶ ሰው ቤት አስረክቦ ሥራ ጨረስኩ እንዳይል።

ይህን ያህል የቸኮልነው ወደን አይደለም። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ አሸዋውን ይዞ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ደቻቱ ለወራት ደርቆ የሚከርም፣ ገበያ የሚቆምበት ወንዝ ነው። ከዚያ በኋላ ግንብ ተሠራ፣ ማስጠንቀቂያ ተባለ፣ ጥናት ተጠና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእኛ ውሃ እንዲያ ሰው አይፈጅም፤ ጭቃ ይልጣል፣ የቋሚ እግር ያበሰብሳል፣ እህል ያሻግታል፣ ልጅ ያስላል። ዜና የሚሆን ነገር የለውም። አንድ ሌሊት ተነሥቶ ዜና እስኪሆን እንድንጠብቅ ከፈለጋችሁ ግን በደብዳቤ አሳውቁን።

ምናልባት አገሩ ሰላም ሆኖ የጥናት ቡድን ለመላክ ካሰባችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለን፤ በጥር አትላኩት። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ መኪና የትም ይገባል፤ ሪፖርቱም “በመስክ ምልከታችን የጎርፍ ምልክት አላየንም” ብሎ ያልቃል። በሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀትር በኋላ ላኩት። ቦቲ ጫማና ሜትር ይያዝ። ማደሪያ ሲፈልግም ምድር ቤት አይያዝ።

ከሰላምታ ጋር
የምድብ “ሀ” ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ ቱቦ ለሚያሰፋው ክፍል
ለብቸናና ለሞጣ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ከዲቹ ጠረጋ ጋር እንዲታይ