ትጉህና የሳነቴ ፍልፈሎች

ከጎባ ወደ ሪራ የሚወጣው መንገድ ሳነቴ ላይ ሲደርስ ዛፍ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጅብራ፣ ሣር፣ ድንጋይና ውርጭ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ከ4,377 ሜትር ከፍታው ላይ ሆኖ ሜዳውን ቁልቁል ያየዋል። የሜዳው ነዋሪ ግን አብዛኛው ከመሬት በታች ነው። ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል እዚያ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል። ሣር ሊግጥ ሲወጣ እንኳ ከጉድጓዱ አፍ እምብዛም አይርቅም፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ እሱ ነውና። ፍልፈሉ በሚግጥበት አካባቢ ደግሞ አንዲት ቡናማ የደጋ ወፍ ጉብታ ላይ አትጠፋም። እሱ አፈሩን ሲገለብጥ የሚወጣውን ትል ትለቅማለች፤ ቀበሮ ብቅ ስትል ትጮኻለች፤ ጩኸቷን የሰማ ፍልፈልም ይሰወራል። ተረቴ ከዚህ ይነሳል።

ድሮ የሳነቴ ፍልፈሎች ሸንጎ ተቀምጠው ትጉህ የሚባል ወፍ ጠባቂ አድርገው ሾሙ። ውሉ አጭር ነበር፤ እሱ ቀበሮ ሲመጣ ይጮኻል፣ እነሱ ትሉን ይገልጡለታል። ትጉህ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዓይኑ የማይዘናጋ ወፍ ነበር። ከሹመቱ በፊት ጀምሮ የያዘው አንድ ልማድም ነበረው። ውርጩ ሳይቀልጥ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ጅብራ ጫፍ ላይ ቆሞ ለፈጣሪው ይዘምራል። ያን ዜማ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይጠብቀውም። የምትሰማው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም በእንቅልፍ ልቧ።

የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር። ትጉህ ሲጮኽ ሜዳው ባንዴ ጭር ይላል፤ ቀበሮዋም ባዶ ጉድጓድ አሽትታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ዓይኑ የደከመው አያ ቆፍሬ መጣና «ልጄ፣ እኔ ስግጥ እንኳ አጠገቤ ብትቆምልኝ» አለው። እውነቱን ነበር፤ ሽማግሌው አያይም። ቆመለት። ሰነባብተው ሁለት ጎረቤታሞች በሣር ድንበር ተጣልተው ዳኘን አሉት። ዳኛቸው። ሠርግ መጣ፤ «አንተ ካልባረክልንማ ምኑን ሠርግ ሆነ!» ተባለ። ለቅሶ መጣ። የልጆች ትምህርት፣ የታመመ ጥየቃ፣ የተኳረፈ ማስታረቅ መጣ። በዝናብ የተናደውን ትልቁን ጉብታ የሚያሠራ ኮሚቴ ተቋቋመና ሰብሳቢው ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ቀና ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

ከጥያቄዎቹ አንዱም ክፉ አልነበረም። ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ክፉ ጠይቀውት ቢሆን እምቢ ለማለት ባልቸገረው። የሚመጣለት ሁሉ መልካም ሥራ ነበር፤ አንዱን መልካም ሥራ አሻፈረኝ ለማለት ደግሞ ልብ አይገኝም። እሱ በልቡ «እኔ ካልሆንኩ ማን አለ?» ይላል፤ እነሱ በአፋቸው «እንዳንተ ያለ ከየት ይገኛል!» ይላሉ። ሁለቱ ቃላት ተገጣጠሙ። ቆይቶ አጠራሩም ተለወጠ፤ ትጉህ መባሉ ቀርቶ አባታችን ሆነ፣ አንተ ይሉት የነበሩት አንቱ አሉት።

አስቀድሞ የቀረው የማለዳው ዜማ ነው። ከለቅሶ ቤት ሲመለስ መሽቶበታል፤ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ አንዱ ይጠራዋል። «የዛሬን ልለፈው» አለ፤ በማግስቱም እንዲሁ አለ። ማንም አላወቀም። ማስጠንቀቂያው እስካልተቋረጠ ድረስ በሜዳው ላይ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር። በሮቤም በጎባም ሆነ በአዲስ አበባ የማውቃቸው አገልጋዮች ድካም መንገዱ ይኸው ነው፤ ድርቀቱ የሚጀምረው ምእመን ከማያየው በኩል ነው። ስብከቱ ይሰማል፣ ቅዳሴው ይደርሳል፣ ጉባኤው ይመራል። የግል ጸሎቱ ግን ከቆመ ከራርሟል።

ቀጥሎ ጎጆው ተራቆተ። ሚስቱ አስታ ቁጥቋጦ ሥር ጫጩቶቿን አቅፋ ታመሻለች። አንድ ምሽት «ለሜዳው ሁሉ አባት ሆነሃል፤ እነዚህ ግን ድምፅህን ከሩቅ ይሰሙታል እንጂ መልክህን አይለዩትም» አለችው። ትጉህ ተቆጣ። «የእግዚአብሔር ሥራ ነው!» አላት። ለዚህ ምን ትመልሳለች? ባልዋን የሚሻማት ፈጣሪ ነው ከተባለች መከራከሪያ የላትም። ዝም አለችና ጫጩቶቿ ሲጠነክሩ ይዛቸው ወደ አባቷ፣ ወደ ወብ ሸለቆ ወረደች። ትጉህ ለጠየቀው ሁሉ «ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ራሱ ተበላሸ። የቁራ ጥላ ሲያልፍ ይጮኻል፣ ከብት ሲነዳ ይጮኻል፣ ጉም ሲወርድ ይጮኻል። ፍልፈሎቹ አሥር ጊዜ ሮጠው አሥር ጊዜ ሲያፍሩ መሮጡን ተዉት። እሱም ይሳደብ ጀመር፤ «ደንቆሮዎች! ለናንተ ስል ነው እኮ የምሞተው!» ይላል። የሰሙት ፍልፈሎች «አባታችን ተግሣጽ አበዙ» ተባባሉ፤ ከመካከላቸው አንድ እንኳ «ምን ሆነው ይሆን?» ያለ አልነበረም።

አንድ ማለዳ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር። ትጉህ በምሥራቅ ጫፍ ያንኑ የሣር ድንበር ክርክር ለስንተኛ ጊዜ ይዳኛል። ቀበሮዋ በምዕራብ መጣች። ሆዷን መሬት ላይ አሳርፋ፣ ጆሮዋን ቀስራ ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ጠበቀች። ትጉህ ጥላዋን ከሩቅ አየና ጮኸ፤ የወጣው ግን ሻካራ ሲርታ ነበር። የሰማውም «የተለመደው ነው» ብሎ ግጦሹን ቀጠለ። አያ ቆፍሬ ተበላ።

ትጉህ የቀብሩን ጸሎት አላደረሰም። ቁልቁል በረረ፤ ሳነቴን አልፎ፣ ከሪራ በላይ ያለው የሐረና ጫካ ውስጥ ገብቶ የኮሶ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወደቀ። «በቃኝ፤ ከአባቶቼ አልበልጥም፣ ነፍሴን ውሰዳት» አለ።

አማቱ ያገኙት እዚያ ነው። ሽማግሌው ወፍ ከወብ ሸለቆ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሳነቴ ሲወጡ ወሬውን ሰምተው ፍለጋ ወጥተው ነበር። ትጉህ ሲያያቸው ራሱን ክንፉ ውስጥ ቀበረ።

«አባቴ፣ አይዩኝ። አፍሬአለሁ» አላቸው።

«ብላ» አሉት፤ ትል ይዘውለት መጥተዋል።

በላ። ሊናገር ሲል «ተኛ» አሉት። ተኛ። ሲነቃ ዳግመኛ አበሉትና ዳግመኛ አስተኙት። ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን የመጣለት መልአክ እንጎቻና ውኃ እንጂ ወቀሳ አላቀረበለትም፤ ነቢዩ ሁለት ጊዜ በልቶ ሁለት ጊዜ ከተኛ በኋላ ነው ወደ ኮሬብ የተላከው። ዛሬ የደከመ አገልጋይ ሲያጋጥመን ግን ብዙዎቻችን የምንቸኩለው ለስብከት ነው፤ «ጸልይ፣ በርታ» እንለዋለን። ዝም ብሎ ምግብ የሚያቀርብለትና በር ዘግቶ የሚያስተኛው ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው አማቻቸውን ለሚስቱ ትተው ብቻቸውን ወደ ሸንጎው ወጡ። ፍልፈሎቹ ከየጉድጓዱ አፍ ብቅ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄን ስትሾሙት ውላችሁ ምን ነበር?»

«ቀበሮ ሲመጣ እንዲጮኽልን» አሉ።

«ድንበር እንዲዳኝስ? ጉብታ እንዲያሠራስ? የሽማግሌ ምርኩዝ እንዲሆንስ?»

ዝም አሉ። ጥቂት ቆይታ አንዲት ወጣት ፍልፈል «እኛ እኮ ስለወደድናቸው ነው» አለች።

«አልወደዳችሁትም፤ ተመቻችሁ እንጂ። ብትወዱት ኖሮ የማለዳ ዜማው የቆመ ዕለት ትጠይቁት ነበር። አያ ቆፍሬን የሚመራ ከልጅ ልጆቹ መካከል አንድ እንኳ ጠፍቶ ነው? ድንበር ለመዳኘትስ ክንፍ ያስፈልጋል? የምትፈሯትን ቀበሮ እንኳ ተመልከቱ። ስታድን ብቻዋን ነው፤ ግልገል ስታሳድግ ግን መንጋው ሁሉ ምግብ ያመጣል፣ መንጋው ሁሉ ጉድጓዱን ይጠብቃል። ጠላታችሁ የገባት ለእናንተ አልገባችሁም።»

እኔ ይህን ስጽፍ ዮቶር በዓይኔ ላይ ነው። በዘጸአት 18 ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየውና «አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ» ብሎ የመከረው አማቱ ነበር። ስለ ሺህ አለቃና መቶ አለቃ ብዙ ሲሰበክ ሰምቻለሁ። ከዚያው ምዕራፍ መግቢያ ላይ ያለው ግን ይታለፋል፤ ሙሴ ቀደም ሲል ሚስቱን ሲፓራን መልሶ ልኳት ነበር፤ ዮቶር የመጣው እሷንና ሁለቱን ልጆች፣ ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞ ነው። አስቀድሞ ቤተሰቡን አስረከበው፤ የሥራ ክፍፍሉን ምክር በማግስቱ ሰጠው። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ሸንጎው ተማከረ። በሳነቴ ላይ የትጉህ ዓይነት ወፍ ሞልቷል፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም እንጂ። በየሳምንቱ ተራ የሚገባ ሰሞነኛ እንዲኖር ተወሰነ። ድንበር ለሽማግሌዎች ተሰጠ፣ ዓይነ ስውር ለጎረቤት ልጆች፣ ጉብታው ለደቦ።

ይህ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሥርዓት አይደለም። ካህናቱና ዲያቆናቱ በሰሞን ተከፍለው ይገባሉ፤ ሰሞኑ ያልደረሰው እርሻውንና ቤቱን ያያል። ሥሩ ዳዊት ካህናቱን በ24 ምድብ የከፈለበት ነው፤ የመጥምቁ አባት ዘካርያስም መልአኩን ያየው በምድቡ ተራ ሲያጥን ነበር። ቅዳሴውም ቢሆን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም፤ የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን አንድ ቄስ ብቻውን አይገባም። በሐዋርያትም ዘመን የመበለቶቹ ማዕድ ጭቅጭቅ ሲያስነሳ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ተመርጠው ሥራው ተሰጣቸው። ይህን ሁሉ ወርሰን ሳለ ከመቅደሱ ደጅ ስንወጣ እንረሳዋለን። የሕንፃ ኮሚቴው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የሽምግልናው፣ የልቅሶው፣ የገንዘቡ ጣጣ አንድ ሰው ላይ ይከመራል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መጋቢው ሰባኪም፣ አማካሪም፣ ሒሳብ ያዥም ሲሆን ይታያል። ክርስቲያኑ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት በባሌ፣ ከዲንሾ እስከ ዶሎ መና፣ ከዚያም አልፎ እስከ ብድሬ ድረስ ለሚመላለስ አገልጋይ ሸክሙ ከመንገዱ ርዝመት ጋር ይጨምራል። ሥርዓቱ ግን መቅደስ ውስጥ ከሠራ ግቢው ውስጥ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ትጉህ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ድኖ ጨርሶ አልነበረም። በዕረፍት ሰሞኑ ጎጆው ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ተረኛዋ ወጣት ወፍ ስትጮኽ ሳያስበው ክንፉን ዘርግቶ ይነሳል፤ ሚስቱ በመንቁሯ ይዛ ትመልሰዋለች። ይህ ብቻ አይደለም፤ የወጣቷ ጩኸት ሠርቶ ቀበሮዋ ባዶ አፏን ስትመለስ ደስ ሊለው ሲገባ አንዳች ነገር ጎረበጠው። ያኔ ነው የተረዳው፤ እነሱ አንቱ ማለት ይጣፍጣቸው እንደነበር ሁሉ እሱም መፈለጉ ይጣፍጠው ነበር። ይህን ለአማቱ ሲነግራቸው «ይኸን ማወቅህ ደግ ነው፤ ለፈጣሪህ ንገረው፣ ከዚያ ልጆችህን አብላ» አሉት።

ፍልፈሎቹም በቀላሉ አልለመዱም። «የእሷ ድምፅ ቀጭን ነው፤ የአባታችን ይሻላል» ይላሉ። አንዳንዱ የወጣቷን ጩኸት ሰምቶ የትጉህን ይጠብቅ ስለነበር ከሞት ለጥቂት ነው ያመለጠው። አንድ ቀን የሠርግ ደጋሾች ተሰብስበው በዕረፍት ሰሞኑ ወደ ትጉህ ጎጆ መጡ። ሚስቱ ደጅ ላይ ቆመች።

«ቤት ለእንግዳ፤ ግን ለምን መጣችሁ?»

«አባታችን ይባርኩልን ብለን ነው። ለአንድ ሰዓት ብቻ!»

«የዚህ ሰሞን ተረኛ ያውና፣ ትልቁ ጉብታ ላይ ቆማለች። ወደሷ ሂዱ።»

«እሷ ልጅ ናት እኮ፤ ምን ታውቃለች?»

«ትጉህም ስትሾሙት ልጅ ነበር» አለቻቸው፤ ከደጁም ፈቀቅ አላለችም። ጎጆው ውስጥ ትጉህ ይሰማል፤ አልወጣም። ደጋሾቹ እያጉረመረሙ ወደ ትልቁ ጉብታ ሄዱ፤ ወጣቷም ሠርጉን ባረከችላቸው።