የ«ተምሮ ሰው መሆን» አጭር የሕይወት ታሪክ

በኢትዮጵያ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረው፣ በሙሉ ስሙ «የማንም ልጅ ቢሆን ከተማረ ሰው ይሆናል»፣ በቤት ስሙ ደግሞ «ተማር ልጄ» እየተባለ ሲጠራ የቆየው አንጋፋ እምነት፣ በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ በጥር 2015 ዓ.ም. ማረፉ ታውቋል። መርዶውን ያረዳው የትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን በመግለጽ ነው።

ሥርዓተ ቀብሩ በአዲስ አበባ፣ በላምበረት እንዲፈጸም የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰሜን የሚመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪውን ከሚያራግፍባቸው ቦታዎች አንዱ የላምበረት መናኸሪያ በመሆኑ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣትና ዲግሪውን በፌስታል ጠቅልሎ የመጣው ወጣት ከአንድ በር ወርደው የአንዱን ተሳፋሪ ሻንጣ ለመሸከም ሲሻሙ ሊታዩ ይችላሉ፤ ከበላያቸው ካለው የየካና የእንጦጦ ጋራ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከቁመታቸው በላይ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ መምህራን የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የሟች ወላጆች፣ ልጆች፣ ሐኪሞችና ቀባሪዎች እዚያው አካባቢ ናቸውና ለቀስተኛው ብዙ መንገድ አይሄድም።

ሟች የተወለደው ዘመዶቹ እንደሚያወሩት በጎጆ ውስጥ ሳይሆን በመኳንንት ደጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የተቀበለው በአብዛኛው የመኳንንት ልጆችን ሲሆን፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከትሎ ከመጣ በኋላ በሩ ቀስ በቀስ ለሌላውም ገርበብ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሟች ለአቅመ አዳም ደርሶ ነበር፤ ከገጠር በባዶ እግሩ መጥቶ ዳኛ፣ ሐኪም ወይም ዋና ዳይሬክተር ሆነ የተባለው ሰው ታሪክ በየቤቱ እየተነገረ ስንቱን ልጅ ከእረኝነት አስኮበለለ። አለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ»ን ከዘፈነ በኋላማ ሟች የማይታወቅበት ቤት አልነበረም።

ሆኖም ያን ጊዜ ወርቃማ ለማለት መቸኮል አይገባም። ሟች ቃሉን ሳያጥፍ የኖረው ቃል የገባላቸው ሰዎች ጥቂቶች ስለነበሩ ነው፤ መንግሥት የተማረ ሰው በብርቱ ይፈልግ ስለነበር በሩን ያለፈ ሁሉ ወንበር ያገኝ ነበር፣ በደርግ ዘመንም ተመራቂው በምደባ ወደ ሥራ ይላክ ነበር፤ ከበሩ ውጭ የቀረውን ሕዝብ ግን ማንም አልቆጠረውም። የዕድል እኩልነት ሲባል ልደት፣ ሀብትና ዘመድ ሳይገድበው ሰው ሁሉ በችሎታውና በጥረቱ ብቻ የሚወዳደርበት ሁኔታ ማለት ሲሆን፣ ከድሃ ቤት የወጡ ጥቂት ሰዎች መሳካት ግን ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ የሟች ዝና የተገነባውም ሁለተኛው የመጀመሪያው ማስረጃ ተደርጎ በመቅረቡ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ በእርግጥ ተከፈተ። አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ደረሱ፤ ግን ዲግሪው የብዙ ሰው ሲሆን የሚያስገኘው ነገር አብሮት ስላልበዛ፣ ተመራቂዎች ኮብልስቶን ለመጥረብ ተደራጅተው መዶሻ የያዙበት ዘመን መጣ። የመደብ ልዩነትም ሳይጠፋ ቦታውን ብቻ ለወጠ፤ ቀድሞ ጥያቄው ትምህርት ቤት የገባው ማን ነው የሚል ከነበረ፣ አሁን የትኛው ትምህርት ቤት ገባ ወደሚል ዞረ።

የአስከሬን ምርመራው ውጤት ከፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ከፒየር ቡርድዩ ሐሳብ ጋር ይስማማል። ቡርድዩ «የባህል ካፒታል» ያለው ልጅ ከቤቱ ይዞት የሚመጣውን ቋንቋ፣ አነጋገር፣ የመጽሐፍ ልማድና በራስ መተማመን ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ይህን ውርስ የልጁ የግል ጉብዝና አስመስሎ ማርክ ይሰጠዋል። በላምበረት አንዱ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ዘፍኖ፣ በእንግሊዝኛ ተቆጥቶ፣ ቅዳሜና እሑድ አስጠኚ ቤቱ ድረስ እየመጣለት 12ኛ ክፍል ይደርሳል፤ ሌላዋ ከፍ ስትል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ስለተገለበጠባት ፊዚክስን የምትሰማው መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራው፣ የምትጽፈው ግን ከሰሌዳ ገልብጣ ሲሆን፣ ማታ ደግሞ እናቷ ከጋራው ያወረደችውን ጭራሮ ለነገ ገበያ በእስር በእስር ትለያለች። ሁለቱ በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ወረቀት ይገልጣሉ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባና የደንብ ልብስ መሰጠቱ ሕመምተኛውን በእጅጉ እንዳስታገሰው መካድ ነውር ነው፤ ቁርስ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ቋንቋ አይተካም።

ለሞቱ የቅርብ ምክንያት የሆነው ኩረጃ መከልከሉ ሳይሆን አይቀርም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደርሶ እንደነበረ የሚታወስ ሲሆን፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ኩረጃ በአገሪቱ ከነበሩት የእኩልነት መሣሪያዎች ሁሉ ውጤታማው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የድሃውንም የሀብታሙንም ልጅ ሳያበላልጥ ያሳልፍ ነበርና። ይህ ሲቀር የተሸፈነው ገላ ታየ፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተና ከ845,099 ተፈታኞች ያለፉት 27,267 ሲሆኑ፣ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሙሉ ሰነፎች ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የሟች የቅርብ ዘመድ መሆን አለበት።

በመርዶው መዝገብ ላይ ፈጽሞ ያልታዩም አሉ። በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የናጠጡ ባለሀብቶች ልጆች የሚቀመጡት ለውጭ አገር ፈተና በመሆኑ፣ ብሔራዊው ፈተና ሊጥላቸውም ሊያነሣቸውም አይችልም። በእኩልነት ተወዳደሩ የተባሉት እንግዲህ ዝቅተኛውና መካከለኛው መደብ ብቻ ናቸው።

በለቅሶው ላይ ደረታቸውን አብዝተው የመቱት ተሳክቶላቸው ከሰፈሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው «እኔ በኩራዝ አጥንቼ ነው» እያሉ ሟችን ሲያወድሱ፣ አብረዋቸው በዚያው ኩራዝ ያጠኑትና ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ ተራ የሚያስከብሩት ግን ድንኳኑን በመትከል ተጠምደው ንግግር የማድረግ ተራ አልደረሳቸውም። በችሎታ ብቻ የሚመራ ኅብረተሰብን የሚያመለክተውን «ሜሪቶክራሲ» የተባለውን ስያሜ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ማይክል ያንግ ሐሳቡን ያቀረበው ለፌዝ እንደነበረ፣ አንባቢው ግን ቁም ነገር አድርጎ እንደወሰደው ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት አዲስ አይደለም። ያንግ የፈራው የተሳካለት ሰው ሀብቱን ብቻ ሳይሆን ይገባኛል ባይነቱንም ይዞ እንዳይወጣ ነበር።

ሞቱን የማይቀበሉ ዘመዶችም አልጠፉም፤ የአላፊዎች ድርሻ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ማለቱን እየጠቀሱ ትንፋሹ አልወጣም በማለት ይከራከራሉ። የሰፈሩን እድር ያስቸገረው ግን ሌላ ነው፤ በሟች ስም የሚገባው ወርኃዊ መዋጮ እስካሁን አልተቋረጠም፤ ቅጠል ተሸካሚዋ እናት እንኳ ለልጇ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚከፈለውን ቀን ሳታሳልፍ ትከፍላለች። ገንዘብ ያዡም መዋጮ የሚከፈልለት ሟች ከመዝገብ እንዴት እንደሚሰረዝ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ስላላገኘ፣ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ አስተላልፎታል።