ምስጋና ለመዶሻ

የመኪና ጎማ ማጉረምረም ሲጀምር መካኒክ መጀመሪያ የሚያነሳው መሣሪያ ምንድነው? የዋህ ሰው «ክሪክ ነዋ! መኪናውን ብድግ ያደርግና ጎማውን እያሽከረከረ ያዳምጣል» ሊል ይችላል። ይህ ሰው የእኛን ጋራዦች አያውቃቸውም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚነሳው መዶሻ ነው፤ ከመዶሻው የሚቀድም ነገር ካለም የደንበኛው ቦርሳ ነው። ይህን የከበረ ሥርዓት አመስግኖ የጻፈ እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ የምስጋናውን ሥራ እኔ ልጀምረው።

ምስጋናው ከባለመኪናው ይነሳል። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲጎዳ በአንድ ጀንበር አይጮህም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ «ውውው» ማለት ይጀምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል፤ ሲቀንስ ይቀንሳል። ባለመኪናው አስተዋይ ነውና ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። በሳምንቱ ኩሽኔታው ይጨምራል፤ እሱም ይጨምራል። ሁለቱ እንዲህ ሲፎካከሩ ወራት ይነጉዳሉ። ኮብልስቶን ላይ የመኪናው ዕቃ ሁሉ ስለሚንኳኳ ማን እንደጮኸ አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው አስፋልቱ ሲለሰልስ ነው። አንድ እሑድ ለሠርግ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ሲወርዱ፣ ከኋላ የተቀመጡት አማቱ «ልጄ፣ ይሄ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ለሐሜት ብቻ አልነበረም ለካ።

ከሠርጉ መልስ ምክክሩ ይከፈታል። ጎሚስታው በዓይኑ ብቻ አይቶ «ጋሼ፣ ጎማው ነው የተበላው» ይላል፤ አራት ጎማ ይገዛል። አላይመንት የሚሠራው «ባላንሱ ተዛብቶ ነው» ይላል፤ ባላንስም አላይመንትም ይሠራል። ሦስተኛው አሞርዛተሩን ይከሳል፤ አራተኛው ሲቪ ጆይንቱን። መኪና የሚያጥበው ልጅ እንኳ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ካምቢዮው ይመስለኛል» ብሎ ያልፋል። በዚህ ጉባኤ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፦ ማንም ባለሙያ፣ ሌላው የሚሸጠው ዕቃ ነው የተበላሸው ብሎ አያውቅም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ዳውላው ሁሉ ተደብድቦ ካለቀ በኋላም መኪናው በ60 ላይ «ውውው» ይላል።

እርግጥ ነው፣ እኩል ያልተበላ ጎማ ከኩሽኔታ ጋር የሚመሳሰል ድምፅ አለው። ሁለቱን ለመለየት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛውሮ መንዳት ይበቃል። ድምፁ ከጎማው ጋር ቦታ ከቀየረ ወይም ከተለወጠ ጥፋተኛው ጎማው ነው፤ እዚያው ከቀረ ሌላ ይፈለጋል። ዳሩ ግን ይህ ሙከራ አንድም አዲስ ዕቃ አያስገዛምና ማን ያከብረዋል?

ሥራ ፈት ሰዎች የሚከተሉት ሌላ ልማድም አለ። እንዳትለምዱት ለማስጠንቀቅ ያህል ልንገራችሁ። መኪናውን ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይነዱታል፤ ድምፁ ሲመጣ ማርሹን ለአፍታ ኖርማል ላይ ይጥሉታል። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ካልወረደ፣ ሞተሩ በነጻ ይሰናበታል። ከዚያ መሪውን በዝግታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማዎች ይሄዳል፤ ድምፁ ያን ጊዜ ከባሰ ጥርጣሬው ቀኙ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከባሰ ደግሞ ግራው ላይ። ይህም አልፎ አልፎ ስለሚያሳስት በዚያ አያበቁም። ጋራዥ ገብተው ታኮ ያደርጋሉ፤ መኪናውን በክሪክ አንስተው ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ያስገባሉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቀንቁታል። ቀጥሎ በአንድ እጅ እያሽከረከሩት የሌላውን እጅ ጣቶች ሞላው ላይ ያሳርፋሉ። ጤነኛው ጎማ ሲዞር ሞላው ዝም ይላል። የተጎዳው ሲዞር ግን ጠጠር የገባበት ወፍጮ የሚመስል መንቀጥቀጥ በሞላው አልፎ ጣት ላይ ይደርሳል። ጎማው ባይነቃነቅም እንኳ ይህ ንዝረት ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ሥራው ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይሰብሩ!

አንዳንዱ መካኒክ ደግሞ ርኅሩኅ ነው። «ኩሽኔታውን መቀየር አያስፈልግም ጋሼ፣ በቤንዚን አጥበን ግራሶ እንሞላዋለን» ይላል። በቆዩ የጭነት መኪናዎችና በድሮ ሚኒባሶች ላይ ይህ ደግ ሥራ ነበር። የእነሱ ኩሽኔታ ተፈትቶ የሚታጠብ፣ ግራሶ የሚቀባ፣ በዳዶ የሚስተካከል ነው። የዛሬዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ኩሽኔታ ግን ግራሶው ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ማጠብ የጎደለውን ሳይሞላ ያለውን ማፍሰስ ነው። የተላጠ ብረት በግራሶ አይሽርም። ግራሶው ግን ድምፁን ለጥቂት ቀናት ያፍነዋል፤ ጥቂት ቀናት ደግሞ ሒሳብ ለመቀበል ከበቂ በላይ ናቸው።

በመጨረሻ ሁሉም ተከሳሽ ነጻ ሲወጣ ኩሽኔታው ይከሰሳል፤ ጉዞ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ይሆናል። «ኦርጅናል ነው?» ይላል ገዢ። «ከኦርጅናሉ ጋር አንድ ነው፣ ዋጋው ብቻ ነው የሚለየው» ይላል ሻጭ። ካርቶኑ ላይ የታወቀው የጃፓን ስም ተጽፏል፤ ፊደሉ ትንሽ ቢወላገድም ማን ልብ ይላል! ካርቶን ማተም ኩሽኔታ ከመሥራት ይቀላል። ገዢውም ይህን ያውቃል፤ አውቆ ግን ርካሹን ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ መግጠሙ ጥበብ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1900 ዮሐን አውጉስት ብሪኔል የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ የብረትን ጥንካሬ የሚለካበትን ዘዴ ለዓለም አስተዋወቀ። በታወቀው አሠራር 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠንካራ ኳስ በ3000 ኪሎ ግራም ጫና ብረቱ ላይ ትጫናለች፤ ከዚያ የተወችው ጎድጓዳ ይለካል። ምስኪን፣ ለዚህ ሲል ማሽን መሥራት ነበረበት! የእኛ መካኒክ ያንኑ ጎድጓዳ በአንድ መዶሻና በአንድ ቁራጭ ቱቦ ያወጣዋል፤ ያውም አንድ ሳይሆን በኩሽኔታው ኳሶች ቁጥር፣ ያውም ገና ከካርቶኑ በወጣ ኩሽኔታ ውስጥ። በሙያው ዓለም እንዲህ ያለው ጉዳት እስከ ዛሬ የሚጠራው በብሪኔል ስም ነው። መንስኤው ቀላል ነው። ኩሽኔታው ወደ ቤቱ ሲገባ መገፋት ያለበት በውጭ ቀለበቱ ነው፤ ሞዞው ሲገባበት ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ከሥር መደገፍ አለበት። ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ካለፈ ኳሶቹ መሮጫቸውን ይወጉታል። ለዚህ ነው ፕሬስ የተሠራው። ፕሬስ ግን ድምፅ የለውም፤ ድምፅ የሌለው ሥራ ደግሞ ለደንበኛ ሥራ አይመስለውም።

ቤቱ ሰፍቶ ኩሽኔታው ከላላም መላ አይጠፋም። ቤቱን በሹል ብረት ዙሪያውን ነቁጠው ነቁጠው ያጠቡታል፤ ያም ካልበቃ ቀጭን ላሜራ ቆርጠው ይሸጉጡበታል። ኤ.ቢ.ኤስ. ፍሬን ባላቸው ብዙ መኪናዎች ላይ የኩሽኔታው አንደኛው ፊት ማግኔት ያለበት ቀለበት አለው፤ ያ ፊት ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ተገልብጦ ከገባ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። «መብራቱ አያስጨንቅዎ ጋሼ፣ አምፖሉን እናወጣዋለን።» የአክስሉ ዳዶ ሲታሰርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ኮሮላዎች የፊቱ ዳዶ የሚጠብቀው በ216 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ አለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ስድብ ነው፤ «እጄ ያውቀዋል!» ይባላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያ እጅ አልሰማውም።

ከሁለት ወር በኋላ «ውውው» ይመለሳል። ፍርዱም አስቀድሞ ተጽፏል፦ «ዘንድሮ ዕቃው ጥራት የለውም።»

መካኒኩን ብቻ ብንወቅስ ግን ሒሳቡ አይሞላም። ከላይ ያልኩትን የግማሽ ሰዓት ምርመራ የሚያውቁ መካኒኮች አሉ፤ ሞልተዋል። አንዱ አዳምጦ፣ አንስቶ፣ ዳስሶ «የቀኝ የፊቱ ነው፤ ሌላው ደህና ነው» ይልና የምርመራ ሒሳብ ይጠይቃል። ባለመኪናው ዓይኑን ያፈጥጣል፦ «የምን ብር? አንድ ብሎን እንኳ ሳትፈታ!» ይኸው ሰው ቀኑን ሙሉ ላቡን እያንጠፈጠፈ የቀጠቀጠለትን መካኒክ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው» ብሎ ጉርሻ ጨምሮ ይሸኘዋል። ለላብ ከፍለን ለዕውቀት ካልከፈልን፣ የሚመረምረው ይራባል፤ የሚገምተው ይበለጽጋል። በግምት የሚቀይረውን መካኒክ ያሠለጠንነው እኛው ነን፤ የትምህርት ክፍያውንም አሁን ድረስ በየወሩ እየከፈልን ነው።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፍነው። እያለቀ የሚሄድ ኩሽኔታ ጎማውን ያላላዋል፤ ፍሬኑን ያዛባል፤ ችላ ከተባለም በጉዞ ላይ ጎማውን እስከ መያዝ፣ እስከ መንቀልም ይደርሳል። ሬዲዮ ከፍ ማድረግ ይህን አያቆመውም።

ስለዚህ መኪናችሁን ስትሰጡ አንድም ብሎን ከመፈታቱ በፊት መካኒኩን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የትኛው ጎማ ነው? እንዴት አወቅህ? መልስ ከሌለው ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። መልስ ካለው ግን ለመልሱ ክፈሉት።