ክብረ ፕሮሰስ

ፕሮሰስ የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ ይምጣ እንጂ በአማርኛ ያገኘው ፍቺ አገር በቀል ነው። ሌላው ዓለም ቃሉን አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ሲጠራበት፣ በአሶሳ ሻይ ቤቶችም ሆነ በአዲስ አበባ ካፌዎች መነሻ ያለው ፍጻሜ የሌለው የአኗኗር ዘይቤ መጠሪያ ሆኗል። «ፕሮሰስ ላይ ነው» የሚባለው ሰው በሠራተኝነት ወይም በባለሀብትነት ስም የባዕድ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ማመልከቻ ያስገባ፣ ሊያስገባ ያሰበ፣ ወይም ገንዘቡን የተቀበለው ደላላ ስልክ ማንሳት ያቆመበት ሰው ነው፤ ሦስቱም በኅብረተሰቡ ዘንድ እኩል ማዕረግ አላቸው፤ ሦስቱም ለቅሶ ቤት ሲገቡ ስለ ሟች ከመነገሩ በፊት «እንዴት ሆነልህ?» ተብለው ይጠየቃሉ።

እንዲህ ያለ ባህል በተገቢው አክብሮት ሳይመረመር መቆየቱ ያስቆጫል። ሐኪም ለመባል መማር፣ ነጋዴ ለመባል መነገድ፣ ሽማግሌ ለመባል መሸምገል ያስፈልጋል፤ የፕሮሰስ ሰው ለመሆን የሚያስፈልገው ግን ጀርባው ነጭ የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍና ያለ ሥራ የመቀመጥ ጽናት ብቻ ነው። ማዕረጉ ከተገኘ በኋላ የሚያስገኘው መብት ደግሞ ብዙ ነው። የፕሮሰስ ሰው ሥራ አይቀጠርም፣ ሊሄድ ነውና፤ እጮኛውን አያገባም፣ ሊወስዳት ነውና፤ እጮኛይቱም ሌላ አታገባም፣ ሊወስዳት ነውና። በማንጎዋ በታወቀችው አሶሳ የፕሮሰስ ሰው የማንጎ ችግኝ አይተክልም፤ ፍሬው እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ያን ጊዜ እርሱ በረዶ እየዛቀ ይሆናልና። በፕሮሰስ ዘጠነኛ ዓመቱን የያዘ ሰው ሦስት ጊዜ ፍሬ ሊለቅምበት ይችል የነበረውን ዛፍ አለመትከሉ የዓላማ ጽናት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ደብረ ዘይት የሚባል ስፍራ አለ፤ ቢሾፍቱ ቀድሞ ትጠራበት ከነበረው ስም ጋር ሊምታታ አይገባም። ስሙ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾምን አምስተኛ እሑድ ደብረ ዘይት ብላ ትጠራለች፤ በዕለቱም ስለ ዳግም ምጽአት ታስተምራለች፤ የትምህርቱ ፍሬ ነገርም ቀኒቱንና ሰዓቲቱን የሚያውቅ ስለሌለ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ይገባል የሚል ነው። ደላላው በዚህ ረገድ ከሊቃውንቱ በልጦ ተገኝቷል፤ ቀኒቱን ያውቃታልና። ቀኒቱ ከፋሲካ በኋላ ናት፤ አሶሳ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርባት ከተማ በመሆኗም ለሌላው ደንበኛ ከረመዳን በኋላ ናት። የትኛው ፋሲካ፣ የየትኛው ዓመት ረመዳን ብሎ መጠየቅ የእምነት ጉድለት ነው።

ከፕሮሰስ ትሩፋቶች ሁሉ ግን ሰፊ ምርመራ የሚገባው «ማሳያ» የሚባለው ገንዘብ ነው። አብዛኞቹ ኤምባሲዎች አመልካቹ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሀብት እንዳለው የሚገልጽ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ማለትም በተለምዶ «ስቴትመንት» የሚባለውን ወረቀት፣ ይጠይቃሉ። አመልካቹ ሀብት ቢኖረው ኖሮ ምናልባት አመልካች ባልሆነ ነበር፤ ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ገንዘብ ያውሰዋል፤ ገንዘቡም በአመልካቹ ስም ባንክ ገብቶ ይታያል። ድንገት የገባ ገንዘብ ቆንስሉን ስለሚያስጠረጥር ለወራት መቀመጥ አለበት፤ በተቀመጠበት ጊዜም ሊነካ አይችልም። ለምሳሌ ያህል አንድ አጎት አይሱዙውን ሸጦ ያገኘው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይታሰብ። ይህ ገንዘብ መጀመሪያ በአሶሳ ላለው የወንድም ልጅ ስድስት ወር ይታይለታል፤ ልጁ ሪጀክት ሲደረግ ወደ ባምባሲ ተሻግሮ ለእህት ልጅ የተማሪ ቪዛ ይታያል፤ ከዚያ መንዲ ላለ አማች፣ ከአማቹም አዲስ አበባ ላለች የአማቹ ጓደኛ። በአምስት ዓመት ውስጥ ገንዘቡ ከባለቤቶቹ ሁሉ በላይ አገር ያየ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ቀስ በቀስ የቤተሰብ አባል ይሆናል፤ ዕድሜውና ክብሩ ከፍ ሲልም አንቱ ይባላል። ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ «ደኅና ናቸው? ምንም አልጎደሉም?» ይባባላል። ልጅ በወባ ተይዞ ለመድኃኒት 2 ሺህ ብር ቢያስፈልግ እርሳቸውን መንካት አይታሰብም፤ ስቴትመንቱ ይበላሻልና፤ ከጎረቤት ይበደሩለታል። እርሳቸው በሬ አይገዙም፣ ወፍጮ አይተክሉም፣ ሱቅ አይከፍቱም፤ ሥራቸው መታየት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በዚህም ከ26 ሺህ ዶላር በላይ ያህሉ የነበሩት እርሳቸው አንድም ሳንቲም ሳይወጣባቸው ከ15 ሺህ በታች ወረዱ። ከሰው ዓይን ብዛት ነው ያሉም አልጠፉም። መድኃኒቱ ግን ቀላል ሆነ፤ ሌላ አጎት ሌላ አይሱዙ ሸጠ።

ነገሩ በጥሞና ከታየ የመኖሪያ ፈቃድ የሚገባው ለሰውየው ሳይሆን ለገንዘቡ ነው። ቆንስሎች አመልካችን የሚመልሱባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ በቂ ሀብት የለህም፣ ሥራ ፈልገህ ትቀራለህ፣ ወደ አገርህ እንደምትመለስ አላመንሁም ይላሉ። ማሳያው ግን ሀብት ያለው ብቻ ሳይሆን ራሱ ሀብት ነው፤ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ የመሥራትም ሐሳብ የለውም፤ በወንጀል አልተከሰሰም፤ በየጊዜው ወደ አጎቱ ሳያቅማማ መመለሱም በአምስት ዓመት ሰነድ ተረጋግጧል። አጎት ይህን ገንዘብ ጉርድ ፎቶግራፍ አስነሥቶ፣ አሻራ አስሰጥቶ ለብቻው ቢልከው የሚመልሰው ኤምባሲ አይገኝም።

ይህ እንደ ቀልድ የሚታየው ለአሶሳ ሰው ብቻ ነው፤ በሌላው ዓለም ሕግ ሆኖ ከወጣ ቆይቷል። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች 2 ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ቤት ለገዛ ሰው ወርቃማ ቪዛ የሚባለውን የ10 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣሉ። አሜሪካ ኢቢ ፋይቭ በሚባለው የባለሀብት ቪዛ ሥራ አጥነት በበዛበት ወይም ገጠራማ በሆነ አካባቢ 800 ሺህ ዶላር ላፈሰሰ ሰው በሯን ትከፍታለች። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ 800 ሺህ ሪያል በአንድ ጊዜ የከፈለ ሰው ያለ ዋስ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ይኖራል። ኢቃማ ማለት በዓረብኛ መኖሪያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፤ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ለባለ 800 ሺሁም፣ ልብስ በያዘች አንዲት ፌስታል ከቤኒሻንጉል ወይም ከወሎ ተነሥታ ጅዳ ለገባችው የቤት ሠራተኛም። የእርሷ ኢቃማ ግን ከፊል በሚባለው አሠሪዋ ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ካፋላ የሚባለውም ይኸው አሠራር ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት ብትወጣ ፈቃዷ ይጠፋል፣ ፈቃዷ ከጠፋ ደግሞ መንገድ ላይ መገኘቷ ራሱ ጥፋት ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ ቦሌ የደረሱት ያችኑ ፌስታል ይዘው ነበር። እዚህ ላይ ማሽሞጠጥ አይመችም። የሰውን ፓስፖርት ቀምቶ ቁም ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ወንጀል ነው፤ የሚያደርገው ማዳም ይሁን ከፊል ስሙ አይለወጥም።

ወደ ምስጋናው ለመመለስ፣ ፕሮሰስ ያለ ደላላ አይታሰብም። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛን፣ የመጓጓዣን፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድን ወጪ አሠሪው እንዲከፍል ያዛል፤ ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የሰነድ ማረጋገጫ ያለውን ነው። የካናዳም ሕግ እንዲሁ ነው፤ አንድ የካናዳ አሠሪ የውጭ ሠራተኛ ከመቅጠሩ በፊት ለሥራው ካናዳዊ አለመገኘቱን የሚያሳይ ኤል ኤም አይ ኤ የተባለ የሥራ ገበያ ግምገማ ማለፍ አለበት፤ የማመልከቻው 1,000 የካናዳ ዶላርም የአሠሪው ዕዳ እንጂ ከሠራተኛው ሊጠየቅ የሚችል አይደለም። ደላላው እነዚህን ሁለት ሕጎች በማስታረቅ ያሳየው ጥበብ ግን አስደናቂ ነው፤ በሁለቱም አገር አሠሪው እንዲከፍል የተጻፈውን ከሠራተኛው ይቀበላል፣ በተጨማሪም አሠሪውን ራሱን ይፈጥረዋል። በካርታ ላይ በማይገኝ እርሻ ላይ እንጆሪ ለመልቀም የተቀጠረው ወጣት በደብዳቤው ላይ ያለውን ማኅተም ለጓደኞቹ ሲያሳይ የሚሰማው ደስታ በገንዘብ አይለካም፤ የተከፈለው ግን በገንዘብ ነው፣ ያውም በአባቱ ከብቶች። ይህ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

የሚገርመው ወጣቱ ካናዳን ሲጠብቅ ካናዳ ወደ እርሱ መምጣቷ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱን ቶሮንቶ ያደረገው አላይድ ጎልድ የተባለው ኩባንያ የኩርሙክን ወርቅ ለማውጣት ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገብቷል፤ የአካባቢው ሰው በባህላዊ መንገድ አፈር አጥቦ ወርቅ ሲለቅምበት በኖረበት ምድር ማለት ነው። ጉባ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሲገነባ ጣሊያናዊ መሐንዲስ በክልሉ በረሃ በሥራ ፈቃድ ኖሯል። እነዚህ ሰዎች በኢትዮጵያ ሕግ የሚገቡበት በር የታወቀ ነው፤ የ2012 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180 የውጭ ባለሀብት በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ካፒታል እንዲመድብ ይጠይቃል፤ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረትም የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ሆኖ በየዓመቱ ይታደሳል። ከሮም ወይም ከቶሮንቶ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ብሎ ለጎረቤት ሲያወራው አልተሰማም፤ ፈቃዱን ያወጣል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ይሄዳል። የባህል ድህነት ይሆናል።

ለአሶሳው ወጣት ግን ሕጉ ራሱ የተራቀቀ መንገድ አዘጋጅቶለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው ኢትዮጵያዊነት ያሳጣዋል፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ደግሞ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ለያዘ ሰው ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር፣ ያለ ሥራ ፈቃድ የመሥራትና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት የመዋዕለ ንዋይ መብት ይሰጠዋል። በመሆኑም ወጣቱ ቀበሌ ለቤት መሥሪያ ቦታ ሲያመለክት «ነገ ና» ቢባል ሊከፋው አይገባም፤ ካናዳ ሄዶ፣ በረዶ ዝቆ፣ ዜግነት ወስዶ፣ ኢትዮጵያዊነቱን አጥቶ በቢጫ ካርድ ሲመለስ ያው ቀበሌ ወንበር ስቦ «ኢንቨስተር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከአሶሳ ወደ አሶሳ ለመድረስ በአትላንቲክ ማዶ መዞር ሩቅ መንገድ ቢመስልም፣ እስከ አሁን በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ጎረቤቱ ያለ ፓስፖርት በእግሩ ቢሄድ እዚያው ይደርስ ነበር ብሎ የተናገረው የለም።

ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ሰነዱ በክብር ይቀመጣል። በክልሉ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዚህ ጊዜ የፕሮሰስ ሰው ቤት ሲጎበኝ ዶሴው ሦስት ዙር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ ከሳጥን ውስጥ ከሸማ ሥር ተኝቶ ይገኛል። በውስጡ የልደት ካርድ፣ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ የትምህርት ማስረጃ፣ ጊዜው ያለፈበት ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት፣ የእርሳቸው ስቴትመንትና ሰውየው በወጣትነቱ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ አለ፤ አንድም ጠብታ አልነካውም። ከአልጋው በላይ ያለው ቆርቆሮ ግን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በሦስት ቦታ በስቷል፤ ለሚሄድ ሰው ቤት ቆርቆሮ አይለወጥም፤ ከሥሩ የተቀመጠው ባልዲ ሌሊት ሲሞላ ተነሥቶ የሚደፋው ገና ፕሮሰስ ያልጀመረው ታናሽ ወንድም ነው።