በእንተ ሰፈር፦ የአዲስ አበባ ሰው በቤቱና በሰፈሩ ስላለው እርካታ የቀረበ ሐተታ

ሰው በቤቱና በሰፈሩ ረክቶ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ የሚሹ ትጉሃን መርማሪዎች፣ ወረቀት በብብታቸው ይዘው፣ እርሳስ በጆሯቸው ሰክተው ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ በየጊዜው እናያቸዋለን፤ ነገር ግን «በጣም ረክቻለሁ፣ ረክቻለሁ፣ አልረካሁም፣ ከቶ አልረካሁም» ከሚሉት መልሶች አንዱን አስመርጠው ሲሄዱ፣ የተመረጠው ቃል ለማን እንደ ተነገረ፣ በስንተኛው ስኒ ቡና ላይ እንደ ተነገረ፣ በዚያችም ሰዓት አከራይቱ በአጥሩ ቀዳዳ ታዳምጥ እንደ ነበር ሳይመዘግቡ ስለሚቀሩ፣ ድካማቸው ሁሉ በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ይሆናል።

ይህን ጉድለት በዐቅሙ ለመሙላት የተነሣው የዚህ ሐተታ አዘጋጅ፣ ከመንግሥትም ሆነ ከውጭ አገር ቀለብ ሳይቈረጥለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በአምስት የአዲስ አበባ ሰፈሮች እየተከራየ ሲኖር ምርምሩን ያካሄደ ሲሆን፣ ለጥናቱ የወጣው ገንዘብ በሙሉ በአከራዮቹ እጅ ይገኛል። የደረሰበትም ነገር ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ ሰው በቤቱ ረክቶ አያውቅም፤ በሰፈሩ ግን ሳይረካ ውሎ አያውቅም፤ ሁለቱንም በአንድ እስትንፋስ ሲናገር ምላሱ አይደናቀፍም።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ መናገር ይገባል። «ሰፈረ» በግዕዝ ለካ፣ መጠነ ማለት ነው፤ እህል በቁና የሚሰፍር ነጋዴ ዛሬም ይህንኑ ይመሰክራል። ያው ቃል በአማርኛችን ጭፍራ አስከትሎ፣ ድንኳን ተክሎ ማረፍንም ያመለክታል። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክና ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣይቱ (እቴጌ ገና አልተባሉም ነበር) ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ ሙቀት ዐይናቸውን ጥለው ከተማይቱን ከቈረቈሩ በኋላ፣ መኳንንቱ በግቢው ዙሪያ በየኮረብታው ቦታ እየተመሩ፣ ወታደሩ በጌታው ሥር፣ አንጥረኛውና አናጢው በሙያው እየተሰበሰበ ሰፈረ፤ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ትዝታዎች ናቸው። እንግዲህ ከተማችን ከመነሻዋ የሰፈሮች ማኅበር እንጂ የቤቶች ማኅበር አልነበረችም።

ከዚህ ታሪክ የምናወጣው ምስጢር ብዙ ነው። የሰፈረ ሰው ድንኳኑን አይወድም፤ ድንኳን ለጊዜው ነውና፤ የሚወደው አብሮት የሰፈረውን ነው። ድንኳኑ ጭቃ ቤት፣ ጭቃ ቤቱም ብሎኬት ቢሆን ይህ ልማድ አልተለወጠም። ስለ ቤቱ የተጠየቀ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ «ለጊዜው ነው» የሚል ሲሆን፣ አዘጋጁ ከሚያውቃቸው ሰዎች አንዱ በ1972 ዓ.ም. ለጊዜው በገባበት ቤት ውስጥ አራት ልጆች ወልዶ፣ ሦስቱን ድሮ፣ ጡረታም ወጥቶ፣ ቁም ሣጥኑን እስከ ዛሬ ከግድግዳው ጋር አላስጠጋውም። ምክንያቱን ሲጠየቅ «ስንለቅ እንዳያስቸግር» ይላል።

ሰው ለሚወደው ነገር መልካም ስም ያወጣል የሚል አሮጌ እምነት አለ፤ አዲስ አበባ ግን ይህን ትምህርት አልተቀበለችም። እሪ በከንቱ የተባለው ሰፈር፣ ስሙ እንደሚያስረዳው ቢጮኹ የሚደርስ የማይገኝበት ሆኖ ሳለ፣ ተወላጁን ቢጠይቁት «እንደኛ ሰፈር ሰው ለጩኸት የሚደርስ የለም» ብሎ ይምላል። ሰባራ ባቡር በምኒልክ ዘመን በተሰበረ የእንፋሎት መኪና ስም ሲጠራ ይኸው አራተኛው ትውልድ ደርሷል፤ ባቡሩ ይጠገን ብሎ ያመለከተ ነዋሪ ግን አልተሰማም። ካዛንቺስ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ባዕድ ስም ወርሶ፣ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ስሙን ይዞ ቀርቷል፤ የሰፈሩም ልጆች አያቶቻቸው ያወጡት ይመስል ይኰሩበታል። በአንጻሩ በቁጥር የሚጠሩት አዳዲስ መንደሮች፣ ስማቸው የማያሳፍር ሆኖ ሳለ፣ ነዋሪያቸው ሲያመሰግናቸው የሚያገኘው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «አየሩ ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር ሲተረጐም «ታክሲ የለም» ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሰፈር ምስጋና እንደ ቅዱስ መጽሐፍ አንድምታ ይፈልጋል። «ሰፈራችን ሰላም ነው» ያለ እንደሆነ፣ አንድም፦ ሌባ የለም ሲል ነው። አንድም፦ ሌባስ አለ፤ ነገር ግን የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ከሌላ ሰፈር ይሰርቃል ሲል ነው። አንድም፦ ከእኛም ይሰርቃል፤ ነገር ግን እናቱን ስለምናውቃት ዕቃችንን ታስመልስልናለች ሲል ነው። አንድም፦ ክፍሉን ሊያከራይህ ነው። አዘጋጁ በአራተኛው ትርጓሜ ሁለት ጊዜ የተጐዳ ስለሆነ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው እርሱን ነው።

መልሱ በጠያቂው ልክ እንደሚሰፈርም ሳይጠቀስ አይታለፍም። አንድ ባለቤት፣ ያው ሰው፣ ያንኑ ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ግብር ተማኝ በመጣበት ዕለት ነፋስ ቢነካው የሚወድቅ የጭቃ ክምር አድርጎ ሲያቀርበው፣ ደላላ ተከራይ ይዞ በመጣበት ዕለት ንጹሕ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይቋረጥበት ቪላ አድርጎ ሲያወድሰው፣ ሽማግሌ ልጁን ለመጠየቅ በመጣበት ዕለት ከአያት የወረደ ርስት አድርጎ ሲያከብረው፣ እንግዳ ለምሳ በመጣበት ዕለት ደግሞ «የድኻ ቤት ነው፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ» እያለ ዶሮ ወጡን ሲያቀርብ ታይቷል። ቅጽ የያዘው መርማሪ ከአራቱ በየትኛው እንደሚመሰል የሚወስነው ኮቱ ነው። ኮቱ አሮጌ ከሆነ እንግዳ፣ አዲስ ከሆነ ግብር ተማኝ ነው።

ስለ ቤቱም ጥቂት እንበል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ትርፍ ቤቶች በየቀበሌው እጅ ገቡ፤ ባሕር ዛፍ ማገሩ፣ ጭቃና ጭድ ምርጊቱ፣ ቆርቆሮ ክዳኑ የሆነው ብዙው የከተማው የኪራይ ቤት በዚያ ተጠቃለለ። ከዚያ ወዲህ በቀበሌ ቤት ነዋሪ ዘንድ አንድ አዲስ የሰዋስው ሥርዐት ተወልዷል። ቤቱ ባፈሰሰ ቀን «የቀበሌ ቤት» ይባላል፤ ይነሣል ተብሎ በተወራ ቀን «ቤቴ» ይባላል፤ በሁለቱ መካከል ባሉት ቀናት ደግሞ ባለቤት አመልካች ቅጥያ አይገባበትም። ከአቡጀዲው ኮርኒስ በላይ ሌሊቱን ሲሯሯጡ የሚያድሩት አይጦች በማናቸውም የሕዝብ ቆጠራ ገብተው ስለማያውቁ፣ እነርሱ ረክተው ይኑሩ አይኑሩ በዚህ ጥናት አልተመረመረም፤ ከአኳኋናቸው ግን የሚያማርሩ አይመስሉም። ባለቤቱ እንግዳ ባለበት ሰዓት ሩጫው ሲጀመር ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ዝናቡ ያወራል።

አሁን ወደ ዋናው የምርምር መሣሪያ ደረስን፤ እርሱም ቡና ነው። አዘጋጁ እውነትን ለመለካት ከጀበና የበለጠ ሚዛን አላገኘም። በአቦል ጊዜ የሚነገረው ሁሉ ምስጋና ነው፦ ተመስገን፣ ሰፈሩ ሰላም፣ ጎረቤቱ ዘመድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ። ቅጽ የያዘው መርማሪ አቦልን ጠጥቶ «ይበቃኛል» ብሎ የሚነሣ ስለሆነ፣ ሕዝቡ በጣም ረክቷል ብሎ ለአለቃው ይጽፋል። ሳይነሣ ቢቀመጥ ግን ቶና ሲቀዳ ሌላ ዓለም ይከፈትለታል። ውሃው በፈረቃ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት መጥቶ፣ ጀሪካን ሳይሞላ እንደሚሄድ፤ የጋራው መጸዳጃ ቁልፍ በአንዲት ሴት እጅ ስላለ የሰባት ቤት ሰው ሆድ በእርሷ ጠባይ እንደሚተዳደር፤ የማዕዘኑ ግሮሰሪ ሙዚቃውን እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚያስጮኽ፤ ከላይ ያለው ጎረቤት የእጣቢ ውሃውን ወደ ታች እንደሚለቅ፣ ከታች ያለውም ይህን አስታኮ አጥሩን በየዓመቱ አንድ ክንድ እንደሚገፋ፣ ይህ ሁሉ ስምና ዓመተ ምሕረት እየተጠቀሰ ይወርዳል። በዚህ ስኒ ላይ የተነሣ መርማሪ ሰፈሩ ዛሬ ሌሊት ይበተናል ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። (የአዘጋጁ ባለቤት በዚህ አንቀጽ አትስማማም፤ የግሮሰሪው ሙዚቃ ደህና ነው ትላለች።)

በረካ ሲቀዳ ግን የሆነውን ነገር አዘጋጁ እንደ ሰማው ያቀርባል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት፣ ከላይ የተዘረዘረውን ምሬት ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ተናግረው ሲጨርሱ፣ አዘጋጁ ጥናቱን ወደ ፍጻሜ ለማድረስ ብሎ፣

«እማማ፣ እንግዲያስ ለምን አይለቁም?» አላቸው።

እርሳቸውም ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠው፣ ዕብድ የሚያዩ ያህል ትኩር ብለው አዩትና፣

«ወዴት ልሂድ ብለህ ነው ልጄ? እዚያ ማን ያውቀኛል?» አሉ።

ይህ መልስ በቅጹ ላይ ካሉት ከአራቱ በየትኛውም ሊመደብ ስላልቻለ ከስሌቱ ወጥቷል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በገርጂ ተሞክሮ ከዚያም በከተማው ዳርቻ ሁሉ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ለዚህ ጥናት ታላቅ ፈተና ሆኖ ነበር፤ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ሰው የራሱ ቤት፣ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ቁልፍ ሲያገኝ በቤቱ ረክቶ ሐሳባችንን ያፈርስብናል የሚል ስጋት ስለነበረ ነው። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ልጆቻቸው ከዳዴ ወደ ዩኒቨርሲቲ እስኪደርሱ ዕጣ ሲጠብቁ ከኖሩት አንዱ ቤት ደርሶት አዘጋጁ ሊመርቅ ሄደ። የመጣው ሁሉ በደረጃው እያለከለከ ወጥቶ «ቤት ለእንቦሳ» ሲል ባለቤቱ «እንቦሳ እሰሩ» እያለ ይመልሳል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እንቦሳው በየት እንደሚወጣ፣ ቢወጣስ ከመታጠቢያው በር ወይስ ከበረንዳው ብረት እንደሚታሰር፣ እናቲቱ ላም የት እንደምትቀር የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ምርቃት ከሕንፃ በላይ ነውና። ባለ ዕጣው ግን ምርቃቱ እንዳለቀ፣ ግድግዳው ቀጭን መሆኑንና የጎረቤት ሳል እንደሚሰማ፣ ለዕርድ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት በሌላ ሰው መያዙን፣ ቤቱም ለጊዜው እንደሆነ ገለጸ። ሐሳባችን ከነክብሩ ቆሟል።

ከዚያም ባሻገር፣ ባለ ዕጣው ከአሮጌው ሰፈሩ ዕድር አልወጣም። በየወሩ መጨረሻ እሑድ ሁለት ታክሲ እየተሳፈረ ተመልሶ መጥቶ ወርኃዊውን ይከፍላል፤ በሰንበቴው ጽዋ ይጠጣል፤ ልቀቁኝ እያለ ሠላሳ ዓመት ያማረረውን መንደር «ሰፈሬ» እያለ ይጠራል። እርካታ ከፍተኛውን ደረጃ የሚነካው ሰው ከሰፈሩ ከወጣ በኋላ፣ ይልቁንም ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ እንደሆነ የሚያስረዳ ማስረጃ ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ የዶሮ ማነቂያ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፣ ኮርኒሱን፣ ቱቦውንና ጠባቡን መተላለፊያ ሲረግሙ የኖሩ ሰዎች ቆመው ሲያለቅሱ ታይተዋል፤ በዚያም ሳምንት ስለ ቱቦው የተናገረ አልነበረም።

እንግዲህ ሰፈር ምንድር ነው፣ ወሰኑስ እስከ የት ነው ለሚለው ጥያቄ፣ አዘጋጁ የክፍለ ከተማንም ሆነ የወረዳን ካርታ ትቶ የራሱን ፍቺ ያቀርባል፦ ሰፈር ማለት የአንድ ዕድር ጥሩምባ ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ ነው። በንጋት ጥሩምባው ሲነፋ ከአልጋው የሚነሣ ሁሉ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሰምቶ የሚተኛ ተከራይ ነው፤ የማይሰማ የሌላ ሰፈር ነው። ይህ ፍቺ ኮንዶሚኒየም ሲደርስ ድምፁ በመስታወት መስኮት ስለሚታገድና መርዶው በስልክ መልእክት ስለሚላክ ገና መሻሻል ያስፈልገዋል።

አዘጋጁ ይህንኑ አንቀጽ ባለፈው ኀሙስ በማለዳ ተቀምጦ ሲያርም፣ ጥሩምባ ተነፋ። ድምፁ ከወንዙ ማዶ ይሁን ከወዲህ ለመለየት መስኮቱን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ የድምፅን ርቀት ስለ መለካት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ የማዶ ነው ብሎም ወደ ሥራው ተመለሰ። የማዶ አልነበረም። በወሩ ስብሰባ የዕድሩ ጸሐፊ፣ የአዘጋጁ የመጨረሻ ልጅ እኩያ የሆነ ወጣት፣ መዝገቡን ገልጦ በቀብር ያልተገኙትን ሲጠራ ስሙን ጠራ።

«ጋሼ፣ ምን ገጠመዎት?»

«ስለ ሰፈር ስጽፍ ነበር።»

ወጣቱ ደንቡን በጣቱ እየተከተለ ወደ ታች አነበበ፤ ሕመም፣ የራስ ኀዘን፣ ወሊድ፣ የመንገድ ጕዞ፣ የመንግሥት ሥራ ከሚሉት በቀር ሌላ ምክንያት አልተጻፈም። የዕድሩ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ይቀጣ» አሉ፤ ቀጥለውም የትናንትናው ለቅሶ ድንኳን ነገ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚነሣ፣ ከሚያነሡት አንዱ እርሱ እንዲሆን አዘዙ። አዘጋጁ ሃምሳ ብር ከፍሎ ደረሰኝ ተቀብሏል፤ ደረሰኙም ከጥናቱ ሰነዶች ጋር ተያይዟል።