የክንድ አንገት

አክስቴ የወደቀችው በማለዳ ነው። ልትጠይቀን መጥታ እኛ ቤት ሰንብታ ነበር፤ ገና ያልደረቀ የበረንዳ ሴራሚክ አዳለጣትና እጇን ዘርግታ መሬቱን ተመረኮዘች። ስደርስ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

ሐኪም ቤት ወስጃት ራጅ ተነሣች። አንድ ወጣት ሐኪም ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ ጎኑ ለቆመው ባልደረባው «ሰርጂካል ኔክ ኦፍ ሂዩመረስ» አለው። ለእኔ የተነገረ አልነበረም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ሰርጂካል ማለት የቀዶ ጥገና፣ ኔክ ማለት አንገት። የመጨረሻውን ቃል አላውቀውም፤ ቆሜ አልጠየቅሁም። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ደብረ ብርሃን አካባቢ ላሉት አጎቴ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አንገቷ ላይ ስብራት አለ። ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋት አይቀርም።»

ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ» ብለው ዘጉት።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። አጎቴ ለእርባታ ያሏትን ጊደር ነድተው ወጡና በተጠራላቸው ዋጋ ሸጡ። ሲመሽ ሚኒባስ ተኮናትረው ሰባት ሆነው ደረሱ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንደኛዋ ደጃፉ ላይ እሪታዋን ልታቀልጥ አፏን ስትከፍት፣ አክስቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ቀኝ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ በግራ እጇ ሻይ እየጠጣች ተያዩ።

አጎቴ አልተቆጡኝም። ጠጋ ብለው አንገቷን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ዳሰሱ። «ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሰበረው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ተያይዘን ወደ ሐኪሙ ሄድን። ነገሩን ስነግረው ደነገጠ፤ መሳቢያውን ከፍቶ የፕላስቲክ የላይኛ ክንድ አጥንት አወጣና ለአክስቴ አቀበላት። «እማማ፣ ይሄ ክቡ ራሱ ነው። ከራሱ ሥር ጠበብ ያለው የመጀመሪያው አንገት ነው። ከጉብታዎቹ በታች ያለው ሁለተኛው አንገት ነው፤ የእርስዎ የተሰነጠቀው እዚህ ጋ ነው» አላት። አጥንቱ ሁለት አንገት አለው ማለት ነው። የታችኛው «የቀዶ ጥገና» የተባለው ስብራት የሚበዛበት ስፍራ ስለሆነ እንጂ እዚያ የተሰበረ ሁሉ ቢላዋ ይነካዋል ማለት አይደለም። አጥንቱ ከቦታው ብዙ ካልተናጋ፣ ክንድን አንጠልጥሎ መታገሥና ቆይቶ ማንቀሳቀስ ይበቃዋል። ትናንት ትከሻዋን በጥጥ ዳበስ ዳበስ ያደረገው ደግሞ በዚያ አንገት ዙሪያ የሚጠመጠመው ነርቭ መትረፉን ለማወቅ ነበር። እኔ ቁስል የሚያብስ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ይህን ሁሉ እየሰማች አጥንቱን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ቁልቁል የሚወርደው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ትልም ነው።»

ሐኪሙ ቀና አለ። መስመሩ በላቲን ሰልከስ ይባላል፤ የክንድ ጡንቻ ጅማት የሚያልፍበት ነው። ሰልከስ ደግሞ ላቲን ተናጋሪው ገበሬ በማረሻው የሚያወጣው ያው ትልም ነው። ዕድሜዋን በእርሻ የኖረች ሴት መጽሐፍ ሳትገልጥ ትክክለኛውን ስም ጠራችው።

ከዚያ ወዲህ የአጥንት ስሞች አይለቁኝም። ከባድ የመሰሉኝ ሁሉ ስፈታቸው የቤትና የደጅ ዕቃ ሆነው ተገኙ። ፎራመን ቀዳዳ ነው፤ ፎሳ ጉድጓድ። የጭን አጥንት የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ አሴታቡለም የኮምጣጤ ጽዋ ነው። ከትከሻ ፊት ለፊት ጎበጥ ብሎ የሚወጣው ኮራኮይድ ስሙን ያገኘው ከቁራ ነው፤ ምንቃር ይመስላል። ቁርጭምጭሚት ላይ ግራና ቀኝ የወጡት ትንንሽ መዶሻ ተብለዋል። የራስ ቅል ውስጥ የቱርክ ኮርቻ የሚባል ስፍራ እንኳ አለ። እኔ ግን የላቲኑ ስም ይቅር አልልም። ሊቃውንቱ ራሳቸው በስም ብዛት ተቸግረው በ1895 እ.ኤ.አ. ባዝል ከተማ ላይ ከ50 ሺህ የማያንሱትን መጠሪያዎች ወደ 5 ሺህ ገደማ ያወረዱት፣ አንዱ የሚለውን ሌላው እንዲረዳው ብለው ነው። የምጠይቀው ከእሱ ቀጥሎ የሚነገር አንድ አማርኛ ነው። «የክንድዎ አጥንት ከትከሻው ዝቅ ብሎ ተሰብሯል» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጉብታዎቹም ዝም ብለው አልበቀሉም። ጡንቻ እየጎተተ ያወጣቸው ብዙ ናቸው። ከጆሮ ጀርባ እጅ ላይ የሚቆረቁረው አጥንት ሲወለዱ የለም፤ ሕፃኑ ራሱን ቀና ማድረግ ሲጀምር የአንገቱ ጡንቻ እየሳበው ያድጋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በሁለት እግሯ መሄዷ ከታወቀባቸው ምልክቶች አንዱም የጭን አጥንቷ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ነው። ሰው ምን ይሠራ እንደነበር አጥንቱ ላይ ተጽፎ ይቀራል። የአክስቴ ክንድ ላይ ጡንቻው የያዘበት ሸካራ ስፍራ ምን ያህል ጎልቶ ይሆን እላለሁ፤ ስንት ዓመት እንስራ አዝላበታለች፣ አጭዳበታለች።

ሐኪሙ ወረቀት አውጥቶ አጥንቱን ሣለና ስብራቱ ላይ በአማርኛ «የክንድ አንገት» ብሎ ጻፈበት። አጎቴ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከሳምንታት በኋላ አክስቴ ጎንበስ ብላ፣ የላላ ክንዷን እንደ ጥና እያወዛወዘች ስታለማምድ አጠገቧ ነበርኩ። አሁን ነጠላዋን ራሷ ታጣፋለች፤ እጇ ከራሷ በላይ ግን እንደ ድሮው አይሄድም።

ጊደሯን ለማስመለስ ገንዘብ ይዤ ገዢው ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። አልሸጥም አለኝ። ባለፈው ሰኔ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።